የልጄን ሃምሳ ዘጠኝ ፓውንድ ስለመመለስ

ዲሴምበር 4 ቀን 2017
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ለክቡር አቶ ዓለምሰገድ ተፈሪ
የፌርፋክስና አካባቢው ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
በጽሕፈት ቤትዎ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ከልጄ ላይ የተቀነሰው ክብደት እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ እያልሁ፣ ጉልበትዎ የጽሕፈት ቤቱን ደረጃ ለመውጣት፣ ዐይንዎም የሰው ልጅ ወረቀት ለማረም እንደበረታ ዘመንዎ እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ባስረክብ ደስ ባለኝ ነበር። ሆኖም ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ መጥቼ አንድ ጊዜ ምሳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደረጃውን እየወረዱ ስላገኘሁዎ፣ ከእንግዲህ ጊዜዎን አላባክንም ብዬ በግሮሰሪው መስታወት ላይ መለጠፍን መረጥሁ። እዚያ ጋ ለማንበብ ቀጠሮ አያስፈልግም።

እርስዎ ያውቁኛል። ቆመው የሚያነቡት ሰዎች እንዳይደናገሩ ግን ራሴን ላስተዋውቅ። ሣህሊቱ ክፍሉ እባላለሁ፤ ሳንታ ሞኒካ በሚገኝ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ሳጥብና ሳጥፍ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ግዛው ታክሲ ይነዳል። ልጃችን የምሥራች አሥራ ሰባት ዓመቷ ሲሆን በዚህ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትጨርሳለች። ራግቢ ትጫወታለች። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በአደባባይ ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገራለሁ።

ራግቢ ምንድን ነው ለሚል አንባቢ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ኳስ የያዘችውንም ልጅ አቅፎ መሬት ላይ መጣል የሚፈቀድበት፣ ይህም ታክል ተብሎ በቁጥር የሚመዘገብበት ጨዋታ ነው። ስክረም የሚባል ግፊያም አለው፤ በሁለቱም ወገን ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ። የእኔ ልጅ ፕሮፕ ናት። ፕሮፕ ማለት በዚህ ግፊያ ከፊተኛው ረድፍ ቆማ፣ ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ጉልበት በጀርባዋ ተቀብላ ፊት ለፊቷ ያለችውን የምትገፋ ማለት ነው። ሥራው ከባድ ሰው ይፈልጋል፤ ቀላል ሰው ከገባበት ይጎዳል። እኔ ይህን ለመረዳት ብዙ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ቆሜአለሁ፤ እርስዎ ግን ሳያዩትም አስተያየት ስላለዎት አደንቅዎታለሁ።

ባለፈው መስከረም በሌላ ስቴት ያለ አንድ ኮሌጅ ለሴቶች ራግቢ ቡድኑ አንዲት ፕሮፕ እንደሚፈልግ ተሰማ። የምሥራች የምትጫወትበት ክለብ አሰልጣኝ ስሟን ለኮሌጁ አሰልጣኝ ጠቆመላት፤ እሷም ለልጄ ጻፈችላት። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ያገኘችው ልጅ አብዛኛው የትምህርት ወጪዋ ይሸፈንላታል። የተጠየቀው ነገር ሦስት ነበር፦ የስፖርት ሪዙሜ፣ የጨዋታ ቪዲዮ፣ እንዲሁም ልጅቷን የሚያውቅ አንድ የተከበረ ሰው የሚጽፈው የጸባይ ምስክርነት።

ሪዙሜውን የምሥራች በሁለት እሑድ ሠራችው፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቁመቷን በበሩ መቃን ላይ ለካን። ክብደቷን በጂሙ ሚዛን ተመዝና መጣች። ስንት ጨዋታ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ታክል፣ ስንት ኪሎ ብረት፣ አርባ ሜትር በስንት ሰከንድ፣ የትምህርት ውጤት፣ የደረሰባት ጉዳት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፈች። ክብደት በሚለው ቦታ 187 ፓውንድ ብላ ስትሞላ፣ በእናትነት፣ ትንሽ ዝቅ ብታደርጊው ምን ይጎዳል አልኋት። ዞራ አየችኝና፣

«ማሚ፣ ፕሮፕ እኮ ነኝ። ዌይቴ እኮ ነው ሥራዬ። እሱን ካወጣሁት ምን ይቀራል?» አለችኝ።

እኔም ቁጥሩን እንዳለ ተውሁት። ክቡርነትዎም በዚያች ደቂቃ እዚያ ተገኝተው ቢሆን ኖሮ ይተዉት ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው፤ አልሸሽገውም። የምሥራች ምስክርነቱን የክለቧ አሰልጣኝ ይጻፍልኝ፣ እኔ ራሴ ኦንላይን አስገባዋለሁ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ክብ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት የማይመስለኝ ሰው ነኝ። በአገራችን ስንት ቢሮ ደጅ የጠናሁት ለዚያች ክብ ነገር ነው። ስለዚህ ኦክቶበር 9 ቀን ሙሉውን ፎልደር ታቅፌ ወደ እርስዎ መጣሁ። የፈለግሁት አንድ ገጽ ምስክርነት ብቻ ነበር፤ በዘመን መለወጫ ዕለት ፌርፋክስ ተዘግቶ በዓሉ ሲከበር ድንኳኑንና ወንበሩን ከወጣቶቹ ሁሉ ቀድማ የተሸከመችው ልጅ መሆኗን እንዲጽፉልኝ። እርስዎ ግን ማኅበሩ የማያየውን ነገር አይመሰክርም፣ ፎልደሩን ተይው አሉኝ። ተውሁት። ሦስት ሳምንት ቆየ። ስጠይቅ፣ እየታረመ ነው ተባልሁ። ይህን ቃል ያኔ ልብ ባለማለቴ እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

ኦክቶበር 30 ቀን ስልክ ደውለው፣ አታስቢ፣ እኛው ልከንላችኋል፣ በፖስታም በኢሜይልም፣ በማኅበሩ ስም አሉኝ። አመሰገንሁዎ። ባለቤቴም አመሰገነዎ። በማግስቱ በሥራ ቦታዬ ላሉት ሁሉ ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው ብዬ አወራሁ።

የላኩትን ወረቀት ቅጂ ኋላ ከኮሌጁ አግኝቼ አነበብሁት። ያደረጉልን ውለታ ብዙ ስለሆነ፣ አንዱም ሳይመሰገን እንዳይቀር በቁጥር ላስቀምጠው።

1ኛ. ክብደቷን ከ187 ወደ 128 ፓውንድ ዝቅ ስላደረጉላት። ልጄ ቁርሷን እንኳ ሳታቋርጥ፣ አንድ ጠብታ ላብ ሳይወጣት፣ ሃምሳ ዘጠኝ ፓውንድ ቀነሰች። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ሲሮጡ የማያቸው የሰፈራችን ሴቶች በከንቱ ይደክማሉ፤ ለካስ የእርስዎ እስክሪብቶ ይበቃ ኖሯል። ማኅበሩ ይህን አገልግሎት በይፋ ቢጀምር የአባላቱ ቁጥር በአንድ ወር እጥፍ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

2ኛ. በአሥራ አራት ጨዋታ ያስመዘገበችውን መቶ አሥራ ሁለት ታክል ሰርዘው በምትኩ «በአሥራ አራት ጨዋታዎች ውስጥ ማንንም ሰው አልጎዳችም» ብለው በእንግሊዝኛ ስላስጻፉላት። ዐሳብዎ ገብቶኛል፤ መቶ አሥራ ሁለት ሰው መሬት ላይ ጣለች የሚል ወረቀት የፖሊስ መዝገብ መስሎ ታይቶዎት ይሆናል። ነገር ግን ያ ቁጥር ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ የሠራችው ሥራ ነበር። የእኔ ሥራ በታጠፈ አንሶላ እንደሚቆጠር የእሷም በዚያ ይቆጠራል።

3ኛ. ባለፈው ዓመት ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ መዳኑን የሚገልጸውን መስመር፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር፣ ከፎልደሩ ስላወጡላት። በምትኩ «ጤናዋ ፍጹም የተሟላ ነው» የሚል ገብቷል። አሰልጣኝ የተሰበረውን አጥንት የምትጠይቀው ልጅቷን ለመጣል አይደለም፤ ተመልሶ እንዳይሰበር ነው። የሐኪሙ ወረቀት እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም፤ በመሳቢያዎ ውስጥ በሰላም እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ።

4ኛ. ቪዲዮው ያለበትን መስመር ስላጠፉላትና ፎቶዋን ስለቀየሩላት። በቪዲዮው ውስጥ በአጭር ቁምጣ እንደምትሮጥ፣ በፎቶው ላይም ፊቷ በጭቃ ተለቅልቆ በጥርሷ መከላከያ ፕላስቲክ እንደነከሰች አልክድም። እርስዎ የላኩት ፎቶ ግን በእኅቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሚዜ ሆና፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ዐይኗን ወደ መሬት ሰብራ የቆመችበት ነው። ከየት እንዳገኙት ስመራመር ከባለቤትዎ ፌስቡክ መሆኑን ደረስሁበት። ቆንጆ ፎቶ ነው። ለራግቢ አሰልጣኝ የተላከ የመጀመሪያው የሚዜ ፎቶ ሳይሆን አይቀርም።

5ኛው ምስክርነቱ ራሱ ነው፤ በእሱ ላይ ግን ቁጥሬን አቋርጬ ጥቂት ልናገር።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «የምሥራች ግዛው ከጨዋ ቤተሰብ የተወለደች፣ ዝምተኛ፣ ታዛዥ፣ ካልተጠየቀች የማትናገር፣ ሰው ገፍታ የማታውቅ፣ ጤነኛና ለማንም ሸክም የማትሆን ልጅ መሆኗን እንመሰክራለን።» ከሥሩ ክቡ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም ደምቆ አርፏል። አሰልጣኟ የጠየቀችው፣ ልጅቷ በሜዳ ላይ ትጮኻለች ወይ፣ ጓደኞቿን ትመራለች ወይ፣ ስትወድቅ ትነሣለች ወይ የሚል ነበር። እኛም ሰው ገፍታ የማታውቅ ገፊ ላክንላት።

ይህን ደብዳቤ ሳነብ አንድ ነገር አስቸገረኝ፤ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ። እቤት ገብቼ የድሮ ወረቀቶቻችንን ፈታትቼ አገኘሁት። በ2006 እኔና ግዛው የስድስት ዓመት ልጅ ይዘን ኮሪያታውን ውስጥ ክፍል ስንከራይ፣ ለአከራዩ የጻፉልን ደብዳቤ ነው። ዝምተኞች፣ ታዛዦች፣ ጤነኞች፣ ለማንም ሸክም የማይሆኑ። አንድም ቃል አልተለወጠም፤ ስም ብቻ ነው የተቀየረው። ያ ደብዳቤ ያኔ በር ከፍቶልናል፤ ይህን ስጽፍ አላሾፍም። ስንቱን ሰው በዚያ ደብዳቤ ቤት አስገብተዋል፣ ሥራ አስቀጥረዋል። በአገር ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው፣ ከሥራ መልስ ያለ ክፍያ እየተቀመጡ የማያውቁትን ሰው ፎርም ይሞሉ ነበር። እኛ ያኔ እንድንገባ ማነስ ነበረብን፤ ድምፃችንን ዝቅ፣ ትከሻችንን ጠበብ ማድረግ ነበረብን። እርስዎም ያንን ጻፉልን። እግዜር ይስጥልኝ።

ነገር ግን ጋሼ፣ ልጄ የምትገባበት በር ሌላ ነው። በዚያ በር የሚገባው ትልቅ ሰው ነው። አሳንሰው ላኩብኝ።

መልሱ ኖቬምበር 14 ቀን መጣ። አሰልጣኟ በትሕትና፣ የላካችሁት ልጅ በጣም ጥሩ ልጅ ትመስላለች፣ ሆኖም በ128 ፓውንድ ከፊተኛው ረድፍ ባስገባት አደጋ ላይ እጥላታለሁ፣ መልካም ዕድል እመኛለሁ ብላ ጻፈች። ከሥራ ስገባ የምሥራች ስልኳን ይዛ ኩሽና ቆማ ነበር።

«ማሚ፣ መቶ ሃያ ስምንት ማን ነው?» አለችኝ።

አልገባኝም። አስነበበችኝ። ከዚያ ያለችኝን ነገር ግን እዚህ መጻፍ ይከብደኛል፤ ለእርስዎ ጥቅም ሲባል እጽፈዋለሁ። እኔ የቀነስሁት መሰላት። «ታፍሪብኝ ነበር፣ አውቃለሁ» አለችኝ፤ ክፍሏ ገብታም በሩን ዘጋች።

እዚህ ላይ ያቆየሁትን ልናገር። ልጄ የመሰላት ያለ ምክንያት አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ በሠርግም፣ በልቅሶም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ልጅሽ ምን ትጫወታለች ሲሉኝ መረብ ኳስ እያልሁ ስመልስ ኖሬአለሁ። እሷ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ክንዷ በልዞ ሳለ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት እናት መረብ ኳስ እንዲህ ያበልዛል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ኳሱ ጠንካራ ነው ብያለሁ። ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር፣ በዚህ ጉዳይ እርስዎ ሁለተኛ ነዎት፤ መጀመሪያ ያሳነስኋት እኔ ነኝ። ልዩነታችን እኔ ማኅተም የለኝም።

የምሥራች በሦስተኛው ቀን ከክፍሏ ወጥታ የመጀመሪያውን ሪዙሜ፣ ቪዲዮውንና የሐኪሙን ወረቀት ከስልኳ ላይ ካስቀረችው ቅጂ ለአሰልጣኟ ላከች። አሰልጣኟ ቪዲዮውን አይታ በዚያው ቀን ደወለች፤ ድምፅዋን እኔም ሰምቻለሁ፣ ደስ ብሏት ነበር። ሆኖም በኮሌጁ ፋይል ውስጥ አሁን ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ልጅቷን ከባድና አጥንቷ ተሰብሮ የዳነ ይላል፤ ሌላው ቀላልና ምንም ያልነካት ይላል። ማኅተም ያለው ደግሞ ሁለተኛው ነው። የመግቢያ ቢሮው፣ ማኅተሙን ያሳረፈው አካል የትኛው እውነት እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፍልን፣ እስከ ዓርብ ዲሴምበር 1 ቀን አምስት ፒኤም ድረስ ቦታውን እንይዝላታለን አለ።

አንድ መስመር ነው የተጠየቀው። ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ጊዜ የመጣሁት። ምሳዎና ስብሰባዎ ካለፉ በኋላ፣ ሦስተኛው ቀን ረቡዕ፣ ደረጃው ላይ አገኘሁዎ። ከነዩኒፎርሜ ነበርሁ፤ ከሳንታ ሞኒካ በባቡርና በአውቶቡስ ነው የደረስሁት። ጉዳዩን ቆሜ አስረዳሁ። እርስዎም እጄን ይዘው፣ በአባትነት እንዲህ አሉኝ፦

«ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አይታረምም፣ ሣህሊቱ። ማኅበሩ ዋሸ ሊባል ነው? ደግሞስ ሴት ልጅ ናት፤ መቶ ሰማንያ ሰባት ብለን በማኅተም እንጻፍባት? ነገ የሚያገባት ሰው ያየዋል።»

ያን ጊዜ እሺ ጋሼ ብዬ ወረድሁ። ለትልቅ ሰው መልስ መመለስ አላደግሁበትም። አሁን ግን በጽሑፍ ስለሆነ ልመልስ፦ ልጄን የሚያገባት ሰው ካለ፣ ከወረቀቷ በፊት እሷን ያያታል። ከሩቅም ትታያለች።

ዓርብ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ከሁለት ፒኤም ጀምሮ ቆምሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ቦሰና ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ፤ እሳቸውን በእውነት አመሰግናለሁ። ውስጥ ኮሚቴው ተቀምጦ ነበር። በአራት ፒኤም ወይዘሮ ቦሰና ወጥተው፣ ጉዳዩ ውይይት እየተደረገበት ነው አሉኝ። አራት ተኩል ላይ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ማረም ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። አምስት ፒኤም ሲሆን የንዑስ ኮሚቴው አባላት ምርጫ ላይ ነበሩ። እኔ ስልኬን አየሁና ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሰልጣኟ ጻፈች። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። አዝናለች፤ ማዘኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ይከፈታል፣ ፋይሏ ከተስተካከለ በድጋሚ አያታለሁ ብላለች። እስከዚያው የምሥራች ሳንታ ሞኒካ በሚገኘው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ትመዘገባለች፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን። መልእክቱን አንብባ ስልኳን አስቀመጠች። ጫማዋን አሥራ ወደ ልምምድ ሄደች።

ተናድጃለሁ፣ ጋሼ። እስከዚህ ድረስ በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው ሞክሬ ነበር፤ አልተሸፈነልኝም። ልጄ በላብዋ ያገኘችውን ነገር እኛ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳችን በፍርሃት አንዳችን በደግነት፣ ከእጅዋ ወሰድንባት። እሷ ምንም አላጠፋችም። እውነቱን ጽፋ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎ ይህን ነው። ንዑስ ኮሚቴው እንዳይደክም ጽሑፉን አዘጋጅቼ አያይዤዋለሁ፦ «የምሥራች ግዛው 187 ፓውንድ ትመዝናለች። ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ድኗል። 112 ታክል አድርጋለች። ቀደም ብለን የላክነው ስሕተት ነበር።» አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ማኅተም ቢያሳርፉበት ደስ ይለኛል፤ ባያሳርፉበትም ፊርማዎ ይበቃል። የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ እንደ ማኅበሩ አሠራር ጊዜው ጠባብ መሆኑን እረዳለሁ።

በመጨረሻም ሰው ሁሉ ቀላል፣ ጤነኛና ዝምተኛ ሆኖ እንዲታይ ለሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ያለኝን አድናቆት እየገለጽሁ፣ ሳላስፈቅድ ድምፄን ከፍ በማድረጌ ይቅርታ ሳልጠይቅ፣

ሰው ገፍታ የምታውቅ ልጅ እናት፣
ሣህሊቱ ክፍሉ

ግልባጭ፦
ለግሮሰሪው መስታወት
ለፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ
ለማኅበሩ አባላት የቫይበር ግሩፕ
ለወይዘሮ ቦሰና፣ ከወንበሩ ምስጋና ጋር
ለማኅተሙ፣ በመሳቢያው ውስጥ

ተጨማሪ፦ ከሁለት ወር ወዲህ የምሥራች ከልምምድ በኋላ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለብቻዋ ታሠለጥናለች። ካሉዎት አራት የልጅ ልጆች አንዷ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች አልጽፍም። ከቤት ስትወጣ ላይብረሪ እሄዳለሁ ብላ ነው የምትወጣው። ለአያቴ በአፌ መንገር አቃተኝ፣ እርስዎ ይጻፉልኝ ብላ ፈቅዳልኛለች። ጎበዝ ናት፣ ትከሻዋ የእርስዎን ይመስላል። ባለፈው ቅዳሜ የክለቡን የመመዝገቢያ ፎርም ስትሞላ፣ ልክ ከሚዛን ወርዳ ሳለ፣ ግራ ቀኝ አየችና ሃያ ፓውንድ ቀንሳ ጻፈች። የምሥራች ፎርሙን ተቀብላ ቀደደችውና አዲስ ሰጠቻት። ከማን እንደተማረችው ግን አልጠየቅናትም።